«ደህና ነው» የምትል መለኪያና አልነሳ ያለ ኮምፒውተር

ማብሪያውን ተጫንኩት። ፋኖቹ ሩብ ዙር ያህል ዞሩና ቀጥ አሉ። ደግሜ ተጫንኩ። ምንም። ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ጊዜ። ዝም። ዕቃዎቹን አንድ በአንድ ለማሟላት አምስት ወር ፈጅቶብኛል፤ ለመገጣጠም ደግሞ አንድ ሙሉ ቅዳሜ። ታናሽ ወንድሜ ከኋላዬ ቆሞ «በቃ፣ አቃጠልሽው» አለኝ። እንዲህ ባለ ሰዓት ከኋላ የሚቆም ሰው አያምጣ።

የዛሬው ጉዳዬ በማግስቱ ያዘዝኳት የፓወር ሰፕላይ መለኪያ ናት፤ ፓወር ሰፕላይ የግድግዳውን ኮረንቲ ለኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚያከፋፍለው ሳጥን ነው። ከገዛኋት ዓመት አልፏታል። በዚህ ጊዜ ውስጥ አልነሳ ባሉ ሦስት ኮምፒውተሮች ላይ ሞክሬያታለሁ። አንዱ ላይ ግማሽ መንገድ አድርሳኛለች። አንዱ ላይ ጉድ ሠርታኛለች። አንዱ ላይ ደግሞ በአሥር ሰከንድ ነገሩን ጨርሳዋለች። የብራንዷን ስም መጥራት ብዙም ትርጉም የለውም፤ ያው አንድ ዓይነት ዕቃ ነው፣ ላዩ ላይ ያለው ስም እየተቀያየረ የሚሸጠው።

መዳፍ የምታክል ጥቁር ሳጥን ናት። መሃሏ ላይ ሰማያዊ መብራት ያለው ትንሽዬ ስክሪን አለ። ዙሪያዋን ሶኬቶች ናቸው፤ ለማዘርቦርድ (ዕቃዎቹ ሁሉ ለሚሰኩበት ትልቁ ሰሌዳ) ባለ 24 ፒኑ፣ ለፕሮሰሰር ባለ 8ቱ፣ ለግራፊክስ ካርድ ባለ 6ቱ፣ ከዚያ ለዲስክ የሚሆኑት ሳታና የድሮው ሞሌክስ። ፓወር ሰፕላዩን ከኮምፒውተሩ ትነቅሉታላችሁ፣ ባለ 24ቱን እሷ ላይ ትሰካላችሁ፣ ከፓወር ሰፕላዩ ጀርባ ያለውን ማብሪያ ታበራላችሁ። ሌላ ነገር የለም። ማዘርቦርዱ ሊነሳ ሲል የሚያደርገውን እሷ ታደርገዋለች፤ 16ኛውን ፒን ከግራውንድ (ከዜሮ ቮልቱ መስመር) ጋር ታገናኘዋለች፣ ፓወር ሰፕላዩም «ተነስ ተብያለሁ» ብሎ ይነሳል።

ይህን በወረቀት አግራፍ የሚሠሩት ብዙ ናቸው። አረንጓዴውን ሽቦና አጠገቡ ያለውን ጥቁር በአግራፍ ማገናኘት ነው። ችግሩ፣ አሁን አሁን ከሚመጡት ፓወር ሰፕላዮች የብዙዎቹ ሽቦ ሁሉ ጥቁር ነው። አረንጓዴ ብሎ ነገር የለም፤ ፒን መቁጠር ነው። በዚያ ላይ አግራፉ የሚነግራችሁ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ፋኑ ዞረ ወይስ አልዞረም። ፋኑ እየዞረ ቮልቴጁ የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ሞልቷል።

የመጀመሪያው ቀን ላይ እንመለስ። መለኪያዋን ሰካኋት፣ አበራኋት። ቲጥ አለች። ስክሪኑ ላይ ቁጥሮቹ ተደረደሩ፤ 12.1፣ 5.0፣ 3.3። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም የማይቋረጠው የተጠባባቂው 5 ቮልት ደግሞ 5.1። ለእነዚህ ሁሉ የተፈቀደው ልዩነት ከላይም ከታችም 5 በመቶ ነው። ማለት የ12 ቮልቱ መስመር ከ11.4 እስከ 12.6፣ የ5 ቮልቱ ከ4.75 እስከ 5.25 ድረስ ይፈቀድለታል። የእኔዎቹ መሃል ላይ ነበሩ።

ከሁሉ የወደድኳት ግን ጥግ ላይ ያለችውን ቁጥር ነው፤ 270። ሚሊሰከንድ ናት። ፓወር ሰፕላይ እንደተነሳ ወዲያው ኮረንቲውን አስረክቦ ዞር አይልም። ቮልቴጁ እስኪረጋ ይቆያል፣ ከዚያ በ8ኛው ፒን (በድሮው ግራጫ ሽቦ) ለማዘርቦርዱ «አሁን ጀምር» የሚል ምልክት ይልካል። መቆየት ያለበት ከ100 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ነው። ይህ ምልክት ካልመጣ ሌላው ሁሉ ልክ ቢሆን እንኳ ፕሮሰሰሩ ሥራ አይጀምርም። በአግራፍ ይህን አታዩትም። ተራ መልቲሜትርም (በሁለት ዘንግ ቮልቴጅ የሚለካው) ቢሆን ምልክቱ መምጣቱን እንጂ በስንት ሚሊሰከንድ እንደመጣ አይነግራችሁም።

ሁሉም ደህና። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ኩም አልኩ። ፓወር ሰፕላዩ ደህና ከሆነ ኮምፒውተሩ ምን ነካው?

መልሱ ፊት ለፊቴ ነበር፣ እኔ ነኝ ማንበብ ያቃተኝ። ፋኑ ሩብ ዙር ዞሮ ቀጥ ሲል ፓወር ሰፕላዩ የሆነ ቦታ ሾርት (መነካካት የሌለባቸው መስመሮች መነካካት) እንዳለ አይቶ ራሱን አጥፍቷል ማለት ነው። አንዴ ራሱን ካጠፋ ደግሞ ማብሪያውን መቶ ጊዜ ብትጫኑት አይሰማችሁም። ከጀርባው አጥፍታችሁ ትንሽ መቆየት አለባችሁ፤ ያኔ እንደገና ሩብ ዙር ይዞራል። የመጀመሪያው መጫን ላይ ንቅናቄ፣ ሁለተኛው ላይ ዝምታ የሆነብኝ በዚህ ነው። እኔ ማብሪያው የተበላሸ መስሎኝ ግማሽ ሰዓት ከማብሪያ ጋር ስታገል ነበር።

እዚህ ላይ ነው የመለኪያዋ ታናሽ የምትገባው። ከመለኪያዋ ጋር በአንድ ፓኬት የመጣች ስፒከር ነበረች። የትንሿን ጣት ጫፍ ታክላለች፤ ጥቁር፣ ክብ፣ ቀይና ጥቁር ሽቦ ያላት። ሳያት መለዋወጫ መስላኝ ወደ ጎን አድርጌአት ነበር። ማዘርቦርዱ ጥግ ላይ ከማብሪያውና ከመብራቶቹ ፒኖች አጠገብ «ስፒከር» የተባሉ አራት ፒኖች አሉ፤ እዚያ ላይ ናት የምትሰካው። ድሮ ከኬዙ ጋር አብራ ትመጣ ነበር። አሁን አብዛኞቹ ትተዋታል። ውድ ማዘርቦርድ የገዛ ሰው ፕሮሰሰር፣ ራም፣ ግራፊክስ፣ ቡት የሚሉ አራት መብራቶች ስላሉት የቱ ላይ እንደቆመ በዓይኑ ያያል። የእኔው ርካሹ ነው። መብራት የለውም፣ ፒኖቹ ግን አሉት።

ሁሉንም ነገር ከኬዙ አወጣሁ። ማዘርቦርዱን የመጣበት ካርቶን ላይ አስቀመጥኩት። ፕሮሰሰሩንና ማቀዝቀዣውን ብቻ ተውኩ፤ ራም የለ፣ ግራፊክስ ካርድ የለ፣ ዲስክ የለ። ባለ 24ቱንና ለፕሮሰሰሩ የሚሄደውን ባለ 8ቱን ሰካሁ። ስፒከሯን ሰካሁ። ማብሪያ ስለሌለ ሁለቱን የማብሪያ ፒኖች በካቻቢቴ ጫፍ ለቅጽበት ማነካካት ነው። እጄ ተንቀጠቀጠ። ወንድሜ «እኔ ልንካልሽ?» አለ። አልሰጠሁትም።

ነካሁት። ፋኑ ዞረ። አልቆመም! ትንሽ ቆየችና ስፒከሯ ጮኸች። ረጅም ቲጥ፣ ደግሞ ረጅም፣ ደግሞ ረጅም። እየጮኸች ነው እኔ የሳቅኩት። ራም የሌለው ማዘርቦርድ መጮህ አለበት። ከጮኸ ማዘርቦርዱም ፕሮሰሰሩም በሕይወት አሉ ማለት ነው፤ ፕሮሰሰሩ ሥራ ጀምሮ፣ ራም ፈልጎ፣ አጥቶ ነው አቤቱታ የሚያቀርበው። ዝም ብትል ነበር የሚያስፈራው። የጩኸቱ ቁጥርና ርዝመት እንደ ባዮሱ (ማዘርቦርዱ ላይ ተጭኖ እንደሚመጣው ማስነሻ ፕሮግራም) ይለያያል፣ ስለዚህ የማዘርቦርዳችሁን መመሪያ እዩ።

አጠፋሁና አንድ ራም ከፕሮሰሰሩ ሲቆጠር ሁለተኛው ቦታ ላይ አስገባሁ፤ ባለ አራት ቦታ ማዘርቦርድ ላይ አንድ ራም ብቻ ካላችሁ አብዛኛውን ጊዜ ቦታው እሱ ነው። ቀጭ እስኪል ተጫንኩት። እንደገና በካቻቢቴ። አንድ አጭር ቲጥ። በቃ፣ ተነሳ።

ስለዚህ ካርቶን ላይ የሚነሳው ኮምፒውተር ኬዙ ውስጥ ሲገባ የሚሞት ከሆነ ጥፋቱ ያለው ኬዙ ውስጥ ነው። ባትሪ አብርቼ የባዶውን ኬዝ ወለል አየሁ። ማዘርቦርዱን ከብረቱ ከፍ አድርገው የሚይዙት የነሐስ እግሮች አሉ አይደል? ቆጠርኳቸው፣ 9። የማዘርቦርዱን የብሎን ቀዳዳዎች ቆጠርኩ፣ 8። አንዷ እግር ቀዳዳ በሌለበት ቦታ ቆማ የማዘርቦርዱን ጀርባ ብየዳ ስትነካ ነበር። ኬዙ የተለያየ መጠን ላለው ማዘርቦርድ ስለሚሆን ለእግር የተዘጋጀው ቦታ ብዙ ነው። እኔ ደግሞ ባየሁት ቀዳዳ ሁሉ እግር ተክያለሁ። ነቀልኳት። መልሼ ገጠምኩ። ተነሳ። ወንድሜ «እኔ እኮ ብዬሽ ነበር» አለ። ምንም አላለኝም ነበር።

ለዚህኛው መለኪያዋ ግማሽ ነጥብ ታገኛለች። ፓወር ሰፕላዩን ከተጠርጣሪዎች ዝርዝር ውስጥ አወጣችልኝ። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ያለእሷ አዲስ ፓወር ሰፕላይ ልገዛ ነበር፣ ከዚያም አዲሱ ሲገባ ሩብ ዙር ዞሮ ቀጥ ሲል ልቤ ቀጥ ይል ነበር። ጥፋቱን ያገኘችው ግን ስፒከሯ ናት።

አሁን ወደ ጉዱ።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጓደኛዬ ደወለች። ራሷ የገጣጠመችው ኮምፒውተር ሁለት ዓመት ያለምንም ችግር ሠርቶ ድንገት አልነሳ አላት። ግራፊክስ ካርዱ ሳይኖር በፕሮሰሰሩ ግራፊክስ ይነሳል። ካርዱ ሲገባ መብራቱ ይበራል፣ ፋኖቹ ይዞራሉ፣ ምስል ሊመጣ ሲል ጥፍት። ራሱ መልሶ ይነሳል፣ መልሶ ይጠፋል። እኔ ያኔ መለኪያ ያላት ሰው ሆኛለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እንደ ሐኪም ሄድኩ።

ሰካሁ። 12.0፣ 5.0፣ 3.3፣ 310። ሁሉም ደህና። «ፓወር ሰፕላይሽ ጤነኛ ነው» አልኳት፣ በሙሉ ልብ። ከዚያ ሁለት ቅዳሜና እሑድ በላን። ራሙን ቀያየርን። ሳንቲም የምትመስለዋን ባትሪ አውጥተን ባዮሱን ወደ መነሻው መለስነው። ፕሮሰሰሩን አንስተን ፒኖቹን በስልክ ካሜራ አጉልተን አየን። ባዮሱን አሳደስን። ካርዱን ወንድሜ ኮምፒውተር ላይ ሰክተን ሞከርነው፣ ያለችግር ይሠራል። ጓደኛዬ ማዘርቦርድ ልታዝ ደረሰች።

ያዳናት ወንድሜ ነው፤ ይህን መጻፍ ደስ አይለኝም። መልቲሜትር ይዞ መጣ። ካርዱን አስገባንና ትርፍ ከነበረው የሞሌክስ ኬብል ላይ አንዱን ዘንግ ቢጫው ላይ፣ አንዱን ጥቁሩ ላይ ይዞ «አብሪው» አለ። 11.9። ፋኖቹ ሲነሱ 11.7። ምስል ሊመጣ ሲል 10.8፣ ወዲያው ጥፍት። ዝቅተኛው የተፈቀደው 11.4 ነው። ጓደኛዬ ዞር ብላ አየችኝ። «አንቺ፣ ጤነኛ ነው አላልሽም እንዴ?»

መለኪያዋ አልዋሸችም። ያየችውን ነው የተናገረችው። ነገር ግን እሷ ከፓወር ሰፕላዩ የምትስበው ኮረንቲ ኢምንት ነው። ግራፊክስ ካርድና ፕሮሰሰር ደግሞ ሥራ ሲጀምሩ በመቶዎች የሚቆጠር ዋት ሊጠይቁ ይችላሉ። ባዶ እጁን የቆመ ሰው ጉልበቱ አይታወቅም፤ ጆንያ አሸክሙትና እዩት። መመሪያ ተብላ የመጣችው ቁራጭ ወረቀት ላይ ይህን የሚል አንድ መስመር የለም። እኔ ለዚህ ነው የተቀየምኳት። ያለሎድ (ያለጭነት) የምትለካ መሆኗን ቢነግሩኝ ኖሮ ያን ሁሉ ቀን አናጠፋም ነበር።

አዲሱ ፓወር ሰፕላይ ሲመጣ ጓደኛዬ የድሮዎቹን ኬብሎች እንደተሰኩ ልትተዋቸው አሰበች። ተገጣጣሚ ናቸው፣ በሁለቱም በኩል ይነቀላሉ፣ ጫፋቸውም አዲሱ ላይ ልክ ይገባል። ወንድሜና እኔ እኩል ጮህን። በኮምፒውተሩ በኩል ያለው ጫፍ ለሁሉም አንድ ነው፤ በፓወር ሰፕላዩ በኩል ያለው ግን እያንዳንዱ ፋብሪካ እንደፈለገ ነው የሚያደርገው። 5 ቮልት ይመጣል በተባለበት ፒን 12 ቮልት ቢመጣ ዲስኩ ደህና ሁኑ ሳይል ይሄዳል። ፓወር ሰፕላይ ከተቀየረ ኬብሉም አብሮ ይቀየራል፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። የተበላሸውንም «እስቲ ውስጡን ልየው» ብላችሁ እንዳትከፍቱት። ከግድግዳው ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ (ኮረንቲ የሚያጠራቅሙት ዕቃዎች) ውስጥ ኮረንቲ ይቆያል፣ ሰው ይጎዳል።

ሦስተኛው የወንድሜ ነው። ዕድሜ የጠገበ ኮምፒውተር፣ አንድ ቀን ማብሪያውን ቢጫነው ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ጨለማ፣ ስፒከሯ ዝም። መለኪያዋን ሰካን። ገና ሳናያት መጮህ ጀመረች። 12.2፣ 5.1፣ 3.3፣ ተጠባባቂው 5.0። ሁሉም ጥሩ። ያቺ የጥጉ ቦታ ላይ ግን ቁጥር የለም፤ ሁለት የኤል ፊደላት ብልጭ ድርግም ይላሉ። ዝቅ ብሏል ወይም የለም ማለታቸው ነው። «አሁን ጀምር» የሚለው ምልክት እየመጣ አይደለም። በመልቲሜትር ቮልቴጅ ብቻ ብንለካ ደህና ነው ብለን እናልፈው ነበር። በሌላ ፓወር ሰፕላይ ስንሞክረው በአንዴ ተነሳ። ያን ቀን መለኪያዋን ልስማት ምንም አልቀረኝም።

ጥቃቅን ቅሬታዎችም አሉኝ። ስክሪኗ የምታሳየው ከነጥብ በኋላ አንድ አሃዝ ብቻ ነው። ለ12 ቮልት ያስኬዳል። ለ3.3ቱ ግን ዝቅተኛው ወሰን 3.14 አካባቢ ስለሆነ «3.1» ብትል አልፏል ወይስ ወድቋል? አይታወቅም፤ መልቲሜትር ማውጣት ነው። ጩኸቷ ደግሞ ሌሊት ሰው ይቀሰቅሳል፣ መቀነሻም የላትም። ከሶኬቶቹ አጠገብ ያለው ጽሑፍ በጣም ያነሰ ነው። የፕሮሰሰሩ ባለ 8ና የግራፊክስ ካርዱ ባለ 8 ኬብሎች ሲታዩ ይመሳሰላሉ፤ አልገባ ካለ በጉልበት አትግፉት፣ የተሳሳተውን ይዛችኋል ማለት ነው። ባለ 24ቱ ሶኬቷ አዲስ ሳለች በጣም ጠባብ ነበር። ለመንቀል ሳጥኗን በጉልበቴ መሃል ይዤ ነበር የምስበው። አሁን ለቀቅ ብሏል።

ለማን ትሆናለች? አንድ ኮምፒውተር ገጣጥሞ አምስት ዓመት ለማይነካው ሰው፣ አይ። እሱ አስቀድሞ የራሱን ነገር ይይ። የፓወር ሰፕላዩ የጀርባ ማብሪያ በርቷል? ባለ 8ቱ የፕሮሰሰር ኬብል ተሰክቷል? ራሙ በሁለቱም ጫፍ ቀጭ ብሏል? የስክሪኑ ኬብል የተሰካው ግራፊክስ ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? ስሙ በኤፍ ፊደል የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰር ግራፊክስ ስለሌለው ማዘርቦርዱ ላይ ተሰክቶ ጨለማ ነው የሚሆነው። አዲሱን ዲዲአር 5 ራም የገጠመ ሰው ደግሞ ትንሽ ይታገስ። የመጀመሪያው ቀን ማዘርቦርዱ ራሙን እስኪለማመድ ደቂቃዎች ሊፈጅ ይችላል። አልነሳም ብሎ መሃል ላይ ያጠፋው ሰው ራሱ ነው ያደናቀፈው።

እንደኔ የጓደኛም የዘመድም ኮምፒውተር የሚመጣበት ሰው ግን ቢገዛት አይቆጭም። «ደህና አይደለም» ስትል እመኗት። «ደህና ነው» ስትል ግማሹን እመኑ፣ ለቀረው መልቲሜትር ያዙ። ከአምስት ሦስት ተኩል እሰጣታለሁ።

ባለፈው ሳምንት ወንድሜ ተውሶኝ ወስዷታል፣ እስካሁን አልመለሰም። ስፒከሯንም ጠይቆኝ ነበር። እሷን አልሰጠሁትም።